የቁም ሳጥኑ መስታወት

ጥቅምት 9

ይድረስ ለጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስል የምትስቀው ሳቅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ጤናውን፣ ትዕግሥቱን፣ እንቅልፉንም አብዝቶ ይስጥህ፤ እንቅልፉን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

«ዶክትሬት ዶክትሬት የምትይው ምኑን ነው?» ብለሃል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን የሚያይ፣ ሰውን ከጥላ የሚለይ፣ «ፍሬን ያዝ» ወይም «መሪ አዙር» ብሎ የሚወስን ቺፕ እሠራለሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። እንዲህ ያለ ቺፕ ዛሬም በየመኪናው አለ፤ ግን ንድፉ የኩባንያ ምስጢር ነው። ኮፈኑ እንደተበየደ መኪና ቁጠረው፤ ሲበላሽም ሲገድልም ከፍቶ የሚያየው የለም። የኔ ንድፍ ክፍት ነው። የፈለገ ይወስደዋል፣ ያየዋል፣ ያርመዋል። ሲወስን ደግሞ ለምን እንደወሰነ ደረጃ በደረጃ ይናገራል። ይኸው ነው። ዓይኔ የሚቀላው ለዚህ ነው።

የምሠራበት ክፍል አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉን ስለሚያቀዘቅዙት በበጋም ሹራብ እለብሳለሁ። አማካሪዬ ያገራችን ሰው ነው፤ በልቤ ሽበቶ እለዋለሁ። ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩ አይበጠስም። ግማሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ይሄዳል። ደግ ሰው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት።

የጥናቴን መግቢያ ልጽፍ ስቀመጥ እጄ ያንን ቀን ይጽፋል። የማውቀውን ልንገርህ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። የፋብሪካውን ሰርቪስ ይዘህ፣ ሠራተኞች ልትጭን ባዶውን፣ ቁልቁለቱን ትወርዳለህ። ዝናቡ አባርቷል። ሰርቪሱ አዲስ ነው፤ በራሱ ያያል፣ በራሱ ፍሬን ይይዛል ተብሎ የተገዛ። ድንገት መሪው ከእጅህ ተነጥቆ ወደ ግራ ዞረ። ፌርማታው ላይ ሰማያዊ ጃንጥላዋን እያጠፈች የነበረችው የሽመና ክፍሏ ልጅ ሞተች። ዳኛው ቺፑ ይከፈት ሲሉ የሠራው ኩባንያ «ንብረታችን ነው፣ አይከፈትም» አለ፤ በምትኩ የቺፑን ንድፍ የመራውን ሰው የጽሑፍ ምስክርነት ላከ። «መሪውን ያዞረው የሰው እጅ ነው።» ታሰርክ። ወጣህ። መንጃ ፈቃድህ አልተመለሰም።

ጋሼ፣ ሁሉም የጠየቁህ እጅህ ምን እንዳደረገ ነው። እኔ ሌላ ልጠይቅህ። ያኔ ከፊት ለፊትህ ምን ነበር?

እህትህ

ኅዳር 24

ለብሎኔ፣

ዶክተር ብትሆኚም ብሎኔ ነሽ። የእማማን የልብስ ስፌት መኪና ፈታተሽ አንዱን ብሎን የዋጥሽ ቀን የወጣልሽ ስም በዲግሪ አይፋቅም። ያለሽበት ሰላም ይሁን፤ የቀረውን እኛ እንችለዋለን።

ስለኔ ከጠየቅሽ፣ ጎማ እነፋለሁ፣ ጎማ እለጥፋለሁ። ጎሚስታው አንድ ጥግ ሰጥቶኛል። ባለፈው አንድ ሾፌር መጥቶ «አንተ እኮ መሪ የጨበጥክ ሰው ትመስላለህ» አለኝ።

«ጨብጬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ጎማ ሲነፋ ሰው አይገድልም ብዬ።»

ሳቀ። ከዚያ የሆነ ሰው በጆሮው ሹክ አለው፤ ሳቁን ዋጠው። የለጠፍኩት ገና ሳይደርቅ ጎማውን አስገጥሞ ሄደ።

ፌርማታው ጥግ የልጅቷ እናት አሁንም አሉ። ክር፣ መርፌ፣ ቁልፍ ይሸጣሉ። ሥራ ለመግባት በሳቸው በኩል ከማለፍ ሌላ መንገድ የለኝም። እርምጃዬን ያውቁታል። ገና ስቃረብ ይነሡና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩታል። ይቀመጣሉ። አልፋለሁ። ስመለስም እንዲሁ። አይሰድቡኝም እኮ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የወንበሩ እግር ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ምግብ ሳኝክ ይሰማኛል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያ ወንበር አንዴ ወደኔ ይዙር። የቀረውን ለኩባንያው ሰዎች እመኛለሁ። ቤታቸው ይፍታ። ስማቸውን የሚጠራ ይጥፋ። ያንን ምስክርነት የጻፈው እጅ ማንኪያ መጨበጥ ይቸገር። በየማለዳው ፊቴን ስታጠብ ይህን እላለሁ፤ ሌላው ሰው እንደሚጸልየው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የፈለገ ይወስደዋል አልሽ። እነሱም? ቆልፊው እንጂ! ለሁሉ ክፍት፣ ለነሱ ዝግ የሚሆን ቁልፍ ጠፋ? ካልሆነም አንዲት አጥንት ደብቂበት። ሲውጡት የምታንቃቸው።

ደግሞ ሽበቶ ያልሽው ሰው ስሙ ማነው? ያገራችን ሰው ከሆነ የማን ልጅ እንደሆነ አጠያይቄ እነግርሻለሁ።

ጥያቄሽን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። ያንን ቁልቁለት በወረቀትም መውረድ አልፈለግኩም።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 17

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ደብዳቤህን ሹራቤ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ ወረቀቱ ሞቅ ብሏል።

ለሁሉ ክፍት፣ ለነሱ ዝግ የሚባል ነገር የለም። ለአንዱ የዘጋሁት ቀን እኔም የተበየደ ኮፈን ሆንኩ ማለት ነው። አንድ ደንብ ግን አለው። ከንድፉ የወሰደ ሁሉ፣ የጨመረበትንም ክፍት ማድረግ አለበት። ከኔ ሊጎርሱ ከመጡ አፋቸውን ከፍተው ነው። ወጥመድ ነው ብትል አልከራከርህም።

አጥንቷን በተመለከተ ግን አይሆንም። የምታንቀው እነሱን አይደለም፤ ሌላ ፌርማታ ላይ ሌላ ጃንጥላ የያዘችውን ነው። ይህን የምጽፈው ጻድቅ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ። አንድ ሙሉ ከሰዓት አስቤዋለሁ። የት እንደማስቀምጣት እንኳ መርጬ ነበር።

ቺፕ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ንድፉ ወደ ፋብሪካ ከመላኩ በፊት ባዶ የቀረ ጥግ ካለ ትንሽ ሥዕል ይተዉበታል፤ በማጉያ ካልሆነ አይታይም። አንዱ ድመቱን ይሥላል፣ ሌላው የሚስቱን ስም ይጽፋል። እኔ ጃንጥላ ሣልኩ። ሽበቶ በማጉያው ጎንበስ ብሎ አየና «ምነው፣ ይህ ቤት ያፈሳል እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ። ሳቄ ከኔ ቀድሞ ወጣ። ከዚያ ብርቱካኑን ሰጠኝ፣ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ደግሜ ልጠይቅህ። ከፊት ለፊትህ ምን ነበር?

እህትህ

የካቲት 28

ለብሎኔ፣

ዘግይቻለሁ። ሰበብ አልደረድርም።

የሽበቶን ስም ዘለልሽው። እኔ ሾፌር ነበርኩ፤ ሰው ጉድጓድ ሲዘል ከኋላው ሆኜም ያስታውቀኛል።

ከፊት ለፊቴ ራሴ ነበርኩ።

አትሳቂ። የሰፈሩ አናጢ ከአንድ ሰው ጋር የቁም ሳጥን በር ተሸክሞ ሊሻገር መንገዱ መሐል ደርሷል። በሩ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። እኔ ስወርድ ከታች አንድ ሰርቪስ ሽቅብ ይመጣል። የኔው ሰርቪስ ነው፤ የሰሌዳው ቁጥር ተገልብጧል፣ ሾፌሩ እኔ ነኝ። ሳቅኩ። እጄን ላነሣለት ምንም አልቀረኝም፤ ሾፌር ለሾፌር እንደሚያደርገው። ያኔ ነው መሪው የዞረው። ለዳኛው ይህን ልናገር? «ራሴን አይቼ ስስቅ ሰው ሞተ» ልበል? ጠያቂም አልነበረ፣ እኔም ዋጥኩት።

ሁለተኛው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ አናጢው ቤት ሄድኩ። ሲያየኝ መዶሻውን አስቀመጠ።

«መጣህ?» አለኝ፣ እንደተቀጣጠረ ሰው።

«መጣሁ። ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰርቪስ ሰው ገጨ ተባለ። የበር ወሬ ያነሣ አለ?»

«በሩስ የት ደረሰ?»

በአገጩ አሳየኝ። ጆንያ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል። ያዘዘው ሰው «ሰው የሞተበት በር ቤቴ አይገባም» ብሎ ጥሎበት ሄዷል። ጆንያውን ገለጥነው። አርጅቻለሁ ብሎኔ። ያኔ የሳቀው ሰውዬ እዚያ ውስጥ የለም።

«ለክተህ ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«እህቴ ልትከስ ነው።»

«በሩን?»

«ኧረ በሩን አይደለም!»

ሜትሩን አውጥቶ ለካ። የበሩን ስፋትና ቁመት፣ የቁልቁለቱን ተዳፋት፣ ፌርማታው ያለበትን ሁሉ በሌላው ወረቀት ሥዬልሻለሁ። እሳቸው የሚቀመጡበትን ጥግም ምልክት አድርጌበታለሁ። ያኔ እዚያ አልነበሩም፤ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ነው የመጡት።

ስሙን ላኪልኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 30

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው።

የላክልኝን መንገድ ኮምፒውተር ውስጥ ሠራሁት። ከነተዳፋቱ፣ ከነእርጥበቱ። አናጢውን ከነበሩ መሐል መንገድ አቆምኩት። ፌርማታው ላይ ሰው ማቆም አቅቶኝ ቆየሁ። በመጨረሻ ጃንጥላ ብቻ አቆምኩ።

የኩባንያው ቺፕ፣ ሰርቪስህ ላይ የነበረው ዓይነት፣ ለማወዳደሪያ መደርደሪያችን ላይ አለ። መንገዱን አሳየሁት። ወደ ግራ ዞረ። ደገምኩት፤ ዞረ። በሩን ከመንገዱ አነሣሁት፤ ቀጥ ብሎ ወረደ። መለስኩት፤ ዞረ። አንተ አይደለህም ጋሼ። እጅህ አይደለም። ይህን መስመር ቆርጠህ ግድግዳህ ላይ ለጥፈው።

ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው በወደድኩ። ለኔም ቺፕ አሳየሁት። የኔም ዞረ።

የነሱ ዞሮ ዝም አለ። የኔ ዞሮ ተናገረ። የቱ ደረጃ ላይ ነጸብራቁን የሚመጣ መኪና ብሎ እንደቆጠረው፣ የቱ ደረጃ ላይ ከግጭቱ ይልቅ ፌርማታው ይሻላል እንዳለ፣ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ስላየሁት አረምኩት። አሁን አይዞርም። ግን መጀመሪያ ዞሯል፤ ጃንጥላው የወደቀው እኔ በሠራሁት ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ግድግዳው እንዳለ ነው።

ለሽበቶ አልነገርኩትም።

እህትህ

ግንቦት 2

እህቴ፣

ያንቺም ከገደላት ከነሱ በምን ተሻልሽ? «ተናግሮ ገደለ» ይባልልሽ? እኔም እኮ መሪው በራሱ ዞረ ብዬ ተናግሬ ነበር።

ስሙን ለምን እንደማትጽፊ ገባኝ። ያገራችን ሰው፣ ቺፕ የሚሠራ፣ ፀጉሩ የሸበተ። ስንቱ አለና? ችሎት ላይ ሲነበብ የሰማሁት ስም ነው። እኔ በየቀኑ የወንበር ጀርባ ሳይ አንቺ የሱን ብርቱካን ትበያለሽ።

እስክትተፊው ድረስ አትጻፊልኝ።

ሐምሌ 6

ይድረስ ለጋሼ፣

አትጻፊ ብለህ ነበር፤ ጠበቅኩ። አሁን ልተፋው።

አዎ፣ እሱ ነው። ችሎት ላይ ከኋላህ ተቀምጬ ስሙ ሲነበብ በቃሌ ያዝኩት። ከኩባንያው ወጥቶ ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ ትምህርት ቤት ስመርጥ የመረጥኩት እሱን ነው። ያስተምረኝ፣ ይመነኝ፣ በመጨረሻ ጥናቴን በሚያጸድቅበት በገዛ ፊርማው ራሱን ይክሰስ ብዬ። ካልፈረመ ያስተማረኝ ሥራ ሐሰት ነው ማለቱ ነው፤ ከፈረመ ምስክርነቱ ሐሰት ሆነ። በሁሉም በኩል ዘግቼበት ነበር። ብርቱካኑ ግን በሐሳቤ አልነበረም። አንተን የደበቅኩህ ስሙን ብቻ አይደለም፤ ልወደው ምንም እንዳልቀረኝ ነው።

ትናንት ጥናቴን አቀረብኩ። ፈታኞቹ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሽበቶ ዳር ላይ ነው። መንገዳችንን አሳየሁ። የኩባንያው ቺፕ ዞረ። የኔም መጀመሪያ መዞሩን አልደበቅኩም። ከዚያ ለምን እንደዞረ፣ ቺፑ የተናገረውን ደረጃ በደረጃ አነበብኩላቸው። ሽበቶ መስታወቱ ጋ ስደርስ ብዕሩን ከደነ።

«ይህን መንገድ ከየት አመጣሽው?»

«የወንድሜ መንገድ ነው።»

ፌርማታው ላይ ያለውን ጃንጥላ አየ። ብዙ ጊዜ አየው። «መሪውን ያዞረው…» ብሎ ጀመረና ተወው። አጠገቡ ያለው ፈታኝ «ምን አሉ?» አለው።

ተነሣ። «መሪውን ያዞረው የሰው እጅ ነው ብዬ ለፍርድ ቤት ጽፌ ነበር» አለ። «ሳልፈትሽ ጻፍኩት። የሠራሁት ነገር ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። የሰው እጅ አልነበረም።» ቁጭ ብሎ የጥናቴን ማጽደቂያ ፈረመ። እጁ ብዕሩን ለመክፈት ሲቸገር አየሁ፤ እርግማንህን አስታወስኩ።

ደስ ብሎኛል ጋሼ። ክፉኛ ደስ ብሎኛል። ወጥቼ መታጠቢያው ጋ ፊቴን ስታጠብ ቀና ብዬ መስታወቱን አላየሁም።

ምስክርነቱን መሻሩን ለፍርድ ቤቱ ጽፏል። ኩባንያው ጠበቆቹን እየሰበሰበ ነው። ላንተም ሊጽፍልህ ይፈልጋል። ልፍቀድለት?

እህትህ

ሐምሌ 29

ለብሎኔ፣

ስምሽ ተመልሶልሻል። እንኳን ደስ ያለሽ፤ ወግ ማዕረግሽን እማማ ብታየው ጎረቤት አይተኛም ነበር። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶኛል፤ መዝገቡ እንደገና ይከፈታል አሉ።

ለኔ እንዳይጽፍ። የሱ አንድ ወረቀት በቅቶኛል። ይምጣ። ቁልቁለቱን በእግሩ ይውረድ። ወንበሩ ሲዞርበት ይስማ። ከዚያ ለሳቸው ይናገር፣ ለጀርባቸው። ወረቀት ከላከ ግን የጎማ ቀዳዳ እወትፍበታለሁ በይው።

ወንድምሽ

ጳጉሜን 2

ጋሼ፣

ነግሬዋለሁ። «መጥሪያ ነው?» አለኝ። «ነው» አልኩት። ተሳፍሯል። ሻንጣ አልያዘም። ሲሰናበተኝ ጠረጴዛዬን አየ፤ ምንም አላስቀመጠበትም።

አትምታው። ወይም፣ እንጃ። ስትጽፍልኝ ሁሉንም ጻፍልኝ።

እህትህ

መስከረም 15

ለብሎኔ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዛሬ ለደንቡ አይደለም።

መጣ። አጭር ሰው ነው። እኔ ሁልጊዜ ረጅም አድርጌ ነበር የምጠላው። ጎሚስታው በር ላይ ቆሞ ስሜን ጠራ።

«እጅህን ትሰጠኛለህ?» አለኝ።

«እጄ ቆሽሿል» አልኩት። ታጥቤ ነበር።

ቁልቁለቱን አብረን ወረድን። ጫማው ለስላሳ ነው፤ ያዳልጠው ነበር። አልደገፍኩትም። በሩ የነበረበት ቦታ ስንደርስ «እዚህ ነው?» አለኝ፤ «እዚህ ነው» አልኩት። ወንበሩ ገና ከሩቅ ተጎተተ። ዞረ። የሰውየው ትከሻ ዘለለ። አየሽ፣ ያ ድምፅ እሱም ጥርስ ውስጥ ገባ።

ከኋላቸው ቆመ። «እናቴ» አለ። «ልጅዎን የገደለው የዚህ ሰው እጅ አይደለም። እኔ የሠራሁት ነገር ነው። እሱ ነው ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

እሳቸው ሳይዞሩ «ድገመው» አሉት።

ደገመው።

«ሰፈሩ አልሰማም። ጮክ በል።»

ጮኸ። ጎሚስታው ወጣ። አናጢው መዶሻውን እንደያዘ ወጣ። ፌርማታው ላይ የቆሙት ሁሉ ዞሩ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። አላዘንኩለትም። አንቺ እንደምታዝኚ አውቃለሁ፤ የሁለታችንንም አንቺ እዘኚለት።

እናትየው ተነሡ። ፊታቸውን በሐሳቤ ስንቴ ሥዬው ነበር፤ አንዱም አይመስላቸውም። የሚያዩት እኔን ነው። ወንበሩን አላዞሩትም። እንዳለ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባው ወደ ሰውየው። መቀመጫውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉልኝ።

«ና ተቀመጥ» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔ ብዙ ተቀምጫለሁ።»

ተቀመጥኩ። እሳቸው ከጎኔ ቆሙ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ከባድ እጅ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ስንጥቅ አለ፤ ከላይ ይጀምርና መሐል ላይ ለሁለት ይከፈላል። «ከዚህ ጋ ትመስለኛለች» አሉኝ፣ በጣታቸው እያሳዩኝ። «አንገቷ።» አየሁት። እውነትም አንገት ይመስላል።

ከኋላችን «እናቴ» አለ። ዝም አልን። ቆይቶ «ወንድሜ» አለ። ዝም አልን። ሰርቪስ መጣ፣ ሰው ጭኖ ሄደ። ዞር ልል አንገቴ ዳድቶ ነበር፤ እጃቸው ከበደብኝ፤ ተውኩት።

መቼ እንደሄደ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ወንበር ስፖኪዮ የለውም።

ወንድምሽ